ሃይማኖታቸው የጠፋ ድስቶች

እኛ ወሎዎች የምንወዳት አንዲት ወሬ አለችን። በአንድ ቤት ሙሐመድና ገብረ ሚካኤል ወንድማማች ናቸው፤ እስላሟ ለማርያም ትሳላለች፣ ክርስቲያኗ ሼሁ ዘንድ ዱዓ ትሄዳለች፤ እንጋባለን፣ አብረን እንበላለን፣ አብረን እንቀብራለን። ውሸት ነው አልልም። የእኔዋ የእናቴ እናት ራሷ ከማግባቷ በፊት በየዓመቱ ግሸን የምትወጣ ክርስቲያን ነበረች። ግን ይህችን ወሬ ለእንግዳ ስናወራ አንድ ነገር ዘለል እናደርጋለን። እኔ ዛሬ የዘለልነውን ላወራችሁ ነው። አትስጉ፣ የሚያስቀው ይበዛል።

ስሜ ፋጡማ ነው፤ አገር ምድሩ ፋጤ ይለኛል። ያኔ ከጅዳ ተመልሼ ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የሴት ልብስ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ጅዳ የሰው ቤት ሠርቻለሁ። የቤቱ አሮጊት አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። "ያ ዐብዳ!" ነበር የምትለኝ። እኔ የዋኋ የሆነ የቁልምጫ ስም መስሎኝ እሮጥ ነበር። አብራኝ የምትሠራው የኢንዶኔዥያ ልጅ ናት "ባርያዋ ማለት እኮ ነው" ብላ የነገረችኝ። የዚያን ዕለት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን በመስታወት እያየሁ "እኔ? የሐይቋ ቀይ ፋጤ?" አልኩ። ለካ ቅላቴ ባሕር አይሻገርም! አልቅሼ አልቅሼ መጨረሻ ላይ ሳቄ መጣ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ነርስ ነው። ለውጡ የመጣ ሰሞን ተመርቆ ዕጣው ጋምቤላ ወጣለት። እማ "ልጄን ወባ ሊበላብኝ ነው" ብላ አለቀሰች። ወባ አልነካውም፤ የጣለችው አሪየት የምትባል አስተማሪ ናት። አኙዋክ ናት፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ስትስቅ የማያውቃትም ሰው አብሯት የሚስቅላት። ጦርነቱ እኛ ዘንድ ገብቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ "እናቴ ትኑር አትኑር" እያለ ሲያብድ ከጎኑ ያልተለየችው እሷ ነበረች። ስልክ እንደተከፈተ የመጀመሪያ ቃሉ "ደህና ናችሁ?" ነበር፤ ሁለተኛው "ላገባ ነው"።

ጴንጤ መሆኗን ሲነግራት እማ ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። ሼሁ "ኪታብ ያላት ናት፣ ይፈቀዳል" አሉ፣ አለቀ። ቀጥሎ ፎቶዋ በእኔ ስልክ መጣ። እማ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። መለሰችው። እንደገና ወሰደችው።

"ስልክሽ ነው የጠቆረው?" አለችኝ።

"ስልኬ ደህና ነው እማ።"

"ያረቢ!" ብላ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ እህቱ፣ አክስቴ ዙበይዳ፣ ራሷን የቤታችን ሱልጣን አድርጋ ሾማለች። "ዘራችን ሊበላሽ ነው" እያለች ደጅ ለደጅ ስትዞር ከረመች። "የትኛው ዘራችን ነው እትዬ? የኦሮሞው ነው፣ የየመኑ ነው፣ ወይስ የግሸኑ?" ብላት ሳምንት ሙሉ ኮረፈችኝ። እማ እንደሷ አትጮህም። የእማ ዝምታ ነው የሚያስፈራው። "ለሰው አፍ ስል እደግሳለሁ። ውደጃት ብላችሁ ግን እንዳታስገድዱኝ" አለች።

ሰይድ ደግሞ ዝውውር አግኝቶ ሐይቅ፣ ከእማ ጓሮ ባለችው ክፍል ከአሪየት ጋር ሊኖር ነበር ሐሳቡ። የእማን ቃል ሲሰማ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ "ፋጤ፣ የሚወዷት ቤት እንጂ በግድ የሚችሏት ቤት አላስገባትም። እማ ካልተቀበለቻት በማግስቱ ጋምቤላ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለዒድም አልመጣም።" እልኸኛ ነው፣ ካለ አለ ነው። እንግዲህ ያ ቀን ለኛ ቤት ሠርግ ብቻ አልነበረም። ወንድሜን የምናገኝበት ወይ የምናጣበት ቀን ነበር።

የኛን አገር ድግስ ለማያውቅ ልንገር። ጎረቤቱን የሚያከብር ሰው ሁለት ያርዳል። እኛ እስላሞቹ ስንደግስ ለክርስቲያን እንግዶቻችን ክርስቲያን ጎረቤት መጥቶ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሴቶቻቸውም በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። እነሱም ሲደግሱ ለኛ እንዲሁ። ሥጋው አይገናኝም፣ ጭልፋው አይገናኝም፣ በዳሱም ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነው የምንበላው፤ ተሳስቀን ግን ትሪ ለይተን። ቅሬያችን፣ ማለት ሐዘኑንም ሠርጉንም አብረን የምንወጣበት ማኅበር፣ ለዚሁ ሲባል ሁለት ዓይነት ድስት ነበረው፤ የእስላሙ ጥቁር፣ የክርስቲያኑ ነጭ። ጦርነቱ ሲያልፍብን ሁለቱንም ጠርጎ ወሰዳቸው። ሌባ ሃይማኖት አይለይም።

ስለዚህ ድስት ከደሴ በኪራይ መጣ። አራት ድስት፣ አንዱን ካንዱ መለየት የማይቻል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ የክርስቲያኑን ወጥ የምትሠራው፣ መላ አመጣች። በሁለቱ የክርስቲያን ድስቶች ጆሮ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ በሁለቱ የእስላም ድስቶች ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰረች። "በሉ፣ ይህን የሚሳሳት ካለ ዓይኑን ይታከም!" ብላ እጇን አራገፈች።

ረፋድ ላይ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ሙሽሮቹ ከሚዜ ጋር፣ ከኋላ በሌላ መኪና የአሪየት አጎት ኦጁሉና ሁለት ወንድሞቿ፣ ሦስቱም በሙሉ ሱፍ፣ ሦስቱም በራችንን ጎንበስ ብለው የሚገቡ። እልልታው ቀለጠ። በወጉ የሙሽራው እናት በር ላይ ወጥታ ሙሽራዋን ስማ ታስገባለች። ሰው ሁሉ በሩን ያያል። በሩ ባዶ ነው።

እየሮጥኩ ጓሮ ሄድኩ። እማ ድስቶቹ አጠገብ ጎንበስ ብላለች፣ ክንዷ እስከ ክርኑ ውሃ ነው።

"እማ! ሙሽራ በር ላይ ቆማለች!"

"እጄ እርጥብ ነው።"

"ጥረጊው!"

"አንቺ አስገቢያት፣ ፋጤ" አለችኝ ቀና ሳትል። እናቴን አውቃታለሁ። ልቧ ሲጨነቅ ታጥባለች። ተኩስ ሲሰማ በር ስታጥብ የነበረች ሴት ናት። ተመለስኩ።

ሰይድ ፊቱ አመድ መስሏል። አክስቴ ዙበይዳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ለጎኗ ሴት የምትለውን ትላለች። አሪየት በሩን አየች፣ ሰይድን አየች፣ ከዚያ እኔን። ምን ብዬ እንደምሸፋፍን ሳስብ፣

"አንቺ ፋጤ ነሽ። በጣም ታወራለች ብሎኛል" አለችኝ።

በአላህ! እዚያው ወደድኳት። አንገቷ ላይ ለመድረስ በእግሬ ጣት ቆሜ ስሜ አስገባኋትና በጓሮ በኩል መስኮት ባላት ክፍል፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳት።

ዳሱ ሞላ። ቀሳውስቱ በግራ፣ ሼሆቹ በቀኝ፣ ምርቃቱ ከሁለቱም በኩል ወረደ። ሰው ራበው፤ ሽታው ደግሞ አያስችልም። የቅሬው ዳኛ "በሉ ምግቡ ይነሳ" ብለው አዘዙ። እትዬ አስካለ ጭልፋዋን ይዛ ጓሮ ሄደች። ወዲያው "ኡኡ! ማርያም ድረሺ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰው የሞተ መስሎን ሁላችንም ተግተልትለን ሄድን።

አራቱ ድስቶች ከእሳት ወርደው ጥላው ሥር ጆሮ ለጆሮ ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ። ሁለተኛው ላይ አረንጓዴ። ሦስተኛው በአንዱ ጆሮው ነጭ፣ በሌላው ጆሮው አረንጓዴ ታስሮበታል። አራተኛው ምንም የለበትም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ዳኛው ሦስተኛውን እያዩ።

"ወሎዬ ነው" አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው።

"አትሳቁ!" እትዬ አስካለ ልታለቅስ ነው። "ቦታቸው ተቀያይሯል፣ ክዳናቸውም ተቀያይሯል! የቱ የኔ እንደሆነ እኔም አላውቅ!"

"ቅመሽዋ፣ የእጅሽን ወጥ አትስቺውም" አሉ ዳኛው።

"የእስላሙ ሆኖ ቢገኝስ? ጉሮሮዬን ካለፈ በኋላ ማን ያወጣልኛል?"

የኛዋን ወጥ ሠሪ አዩዋት። እሷም እጇን ወደ ኋላ ደብቃ "ወላሂ አልነካም" አለች። ደግሞ በርበሬው አንድ ወፍጮ የተፈጨ፣ ቅመሙ አንድ፣ በጎቹ ከአንድ ጋጥ የወጡ ናቸው። "በጉስ ራሱ ምን ነበር ሃይማኖቱ?" አለ ያ ከኋላ ያለው ቀልደኛ፣ በክርን ጎሸሙት።

ይሄኔ ከሁሉም በላይ ራሱን ከፍ አድርጎ የቆመው የአሪየት አጎት ኦጁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኛ ጴንጤዎች ነን። ለኛ ችግር የለውም። ልቅመስ?" አለ በትሕትና። የምናደርገው ብንጠፋ ጭልፋ ሰጠነው። ከአንደኛው ቀመሰ። ከሁለተኛው ቀመሰ። አራቱንም ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመ። ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

"ሁሉም በጣም ጥሩ ነው" አለ።

እንግዲህ ተመልከቱልኝ፤ ዳሱ ሙሉ ሰው፣ አራት ድስት ወጥ፣ ያን ወጥ መብላት የሚችሉት ደግሞ ሙሽራዋና ከጋምቤላ የመጡት ሦስት ዘመዶቿ ብቻ! እኔ ልስቅ አፌ ሲከፈት፣ አክስቴ ዙበይዳ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ድሮም ብያለሁ! እግሯ ነው! ባርያ በደጅ ሲገባ በረካ በጓሮ ይወጣል።"

ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ። ያቺ ቃል በዐረብኛ ስትመጣ ያምመኝ ነበር፤ በእናቴ ግቢ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ በገዛ አክስቴ አፍ ስሰማት ግን ከጅዳዋ የባሰች ሆነችብኝ። ኦጁሉ ጭልፋውን ቀስ ብሎ ክዳን ላይ አስቀመጠ። አማርኛ ከኔ እኩል ይሰማል። የአሪየት መስኮት ክፍት ነው። ሰይድን ሳየው ዓይኑ ወደ መጡበት መኪና ሄዷል። "እትዬ፣ አፍሽን ያዢ!" ብዬ ጮህኩባት፤ ታላቄን መስደቤ ነው ተብዬ ከአምስት አቅጣጫ "ተይ ፋጤ!" መጣብኝ።

ዳኛው ነገሩን ለማብረድ "ቆይ እስቲ። ጓሮ ማን ነበር? ያየ የለም?" አሉ።

"ሙሽራዋ መስኮቷ ወዲህ ነው፣ ካየች እሷ ናት የምታየው" አለች አንዷ።

አክስቴ "ጠይቋት! ምናልባት ራሷ ትሆናለች" አለች። ዳኛው እኔን ላኩኝ። ወደ መስኮቱ ስሄድ ከኋላዬ የእማ ኮቴ ተሰማኝ። አሪየት ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ሁሉንም እንደሰማች ግን አወቅኩ፣ እጇ ሻርፑን ጨምድዶታል።

"አሪየት፣ ድስቶቹን የነካ ሰው አይተሻል?"

ቀና አለች። የምታየው እኔን አይደለም፣ ከኋላዬ ነው። "እኔ ሙሽራ ነኝ። ሙሽራ መሬት መሬቱን ነው የሚያይ" አለች።

"አያችሁ!" አለች አክስቴ። "እየደበቀች ነው!"

"ዙበይዳ!"

የእማ ድምፅ ነው። እናቴ ጮኻ ሰምቼ አላውቅም፤ ጦርነቱ ሲገባ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምትፈራው። ዳሱ ውስጥ የቀሩት እንኳ ዘወር አሉ።

"በቃሽ። እኔ ነኝ።"

"ምኑ ነሽ?"

"ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጥቀርሻ ይዞት ነበር፣ ሰው ያየዋል ብዬ አጠብኩት። ድስቶቹን አውርጄ ክዳኑንም ጠርጌ፣ መልሼ ሳስረው..." እጇን ወደ ሦስተኛው ድስት አነሳች፣ "...ይኸው እንዳያችሁት። ልጅቷን በር ላይ አቁሜ፣ እጄ እርጥብ ነው ብዬ፣ ጨርቅ ሳጥብ ነበር። በረካችንን የወሰደ ካለ እኔ ነኝ። እሷን እንዲህ የምትይ ከሆነ እኔንም በይኝ!"

አክስቴ የምትገባበት ጠፋት። እማ ግን አልጨረሰችም፣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"አይተሽኛል አይደል? ዓይን ለዓይን ተያይተን ነበር።"

"አይቼሻለሁ፣ እማ" አለች አሪየት።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ይህን ሁሉ ሲሉሽ!"

"እንዴት አድርጌ? የባሌን እናት፣ በሠርጌ ቀን፣ በሰው ፊት?"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ዞራ በፊት በር በኩል ቤት ገባች፤ እኛም ተከተልናት። አሪየትን ከምንጣፉ አስነስታ እጇን ይዛ እስከ ውጭው በር ወሰደቻት፣ ደጅ አቆመቻት፣ ራሷ ወደ ውስጥ ተመለሰች፣ ከዚያ እንደገና ወጥታ በሩ ላይ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ሳመቻት። አሪየት ቁመቷን ለማሳነስ ጉልበቷን ማጠፍ ነበረባት። "አፉ በይኝ፣ ልጄ" አለቻት። በኛ አገር ይቅርታ ማለት ነው፣ ታላቅ ለታናሽ በቀላሉ አይለውም።

"አፉ ብያለሁ።"

እልልታውን አቅልጠነው ሳለ ከዳሱ አንድ ሽማግሌ "ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ። ታዲያ እኛ ምን እንበላለን?" አሉ።

ወላሂ ረስተነው ነበር! ዳኛው ዙሪያውን አዩ። ሰው ተራበ፣ ሌላ ለማረድ ጊዜ የለም። መላው የመጣው ከእትዬ አስካለ ባል ነው፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ አለው። "ዓሣ" አለ። "ጠዋት የወጣ አለን፣ ደሴ ሳይጫን ልድረስበት። ዓሣ አራጅ የለው።" ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱም "ፍስክ ነው፣ ምን ይከለክላል" አሉ። ሦስት ባጃጅ ወደ ሐይቁ ከነፈ።

ዓሣው በጆንያ መጣ። ያን ሁሉ የሚያጸዳ እጅ ከየት ይምጣ? ኦጁሉና ሁለቱ ወንድሞች ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። አሪየት የዓሣ ሽታ ሲደርሳት በመስኮቱ ብቅ አለች፣ ቀጥላ ከነቬሎዋ ጓሮ ተገኘች። ሙሽራ ሥራ ሲነካ ታይቶ አይታወቅም፤ አክስቴ ደረቷን ይዛ "ጉድ!" አለች። እማ የራሷን ሽርጥ ፈትታ በልጅቷ ወገብ ላይ አሰረችላት፣ አጠገቧም ተቀመጠች። አሪየት ለእማ ቢላዋ አያያዝ ታሳያታለች፣ እማ ደግሞ የጸዳውን ዓሣ ተቀብላ እንደገና ታጥበዋለች። "እማ፣ ታጥቧል" ብትላት "ይሁን፣ አንዴ ልድገመው" ትላታለች።

የዚያን ቀን ትሪ አልተለየም። ምን ሊለይ? ቄሱና ሼሁ ከአንድ ትሪ እሾህ እየለቀሙ ሲጎራረሱ አየሁ፤ ግራና ቀኝ የነበረው ዳስ ተቀላቀለ። አራቱ ድስት ወጥስ? ሰይድ የከተማውን ጴንጤዎች በባጃጅ አስጠራቸው። ከኦጁሉ ጋር ተከበው ሲበሉ አምላክ ይህን ሠርግ ለነሱ የደገሰው ነበር የሚመስለው። አክስቴ ዙበይዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ዓሣዋን በላች፤ ጨው አንሶታል አለች።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ "አይ ዓሣ! ዓሣው አስታረቃቸው" ይለኛል። አይደለም፣ ወገኖቼ፣ እንዲህ ብላችሁ አትስሙት። አሪየት ዓሣ ማጽዳት ባትችልስ? ሰነፍ ብትሆንስ? ያኔ ያቺ ቃል ልክ ልትሆን ነው? ሰው ለመባል ሙያ ማሳየት የለባትም ነበር። የታረቁት ዓሣው ገና ሐይቁ ውስጥ ሳለ ነው፤ እናቴ "እኔ ነኝ" ባለች ጊዜ። ጥፋት ሲጠፋ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባይተዋሩ፣ ወደ ጠቆረው፣ ወደ መጤው ነው። ያን ጊዜ ከኛ አንዱ ተነስቶ "እኔ ነኝ" ካላለ፣ ሙሐመድና ገብረ ሚካኤል ወንድማማች ናቸው ማለት ብቻውን የትም አያደርሰንም። ጦርነቱ ሁሉንም ሰው "አንተ ማን ነህ?" ሲያስብል ነው የከረመው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄ ገብታ ያቺን ቃል የምትናገር ደንበኛ ካለች "ዕቃ የለም" ብዬ እሸኛታለሁ። ልብሱ ከነመስቀያው ሞልቶ እያየችው።

ሰይድና አሪየት ዛሬ ሐይቅ ናቸው። አሪየት ታስተምራለች፤ አክስቴ ዙበይዳ አሁንም ሰላምታዋ አጭር ነው፣ ዋሽቼ አላሳምረውም። ባለፈው ቅዳሜ ከእማ ጋር የሰይድን ልጅ ይዘን ገበያ ወጣን። ልጅቷ በእማ ጀርባ ላይ ናት፣ እናቷን የምታስንቅ ጥቁር። እማ ደግሞ፣ አልነገርኳችሁም መሰለኝ፣ ቅላቷ የደም ሥሯን ያሳያል። ከአምባሰል ቅቤ ይዛ የወረደች አንዲት ሴትዮ ልጅቷን አየች፣ እማን አየች፣ አላስቻላትም።

"ይቅር በይኝና፣ ይህች ልጅ ማንን መስላ ነው?" አለች።

እማ ቆጣ አለች። "ዓይን የለሽም እንዴ? ቁርጥ እኔን!"

ሴትዮዋ ከእማ ፊት ወደ ልጅቷ ፊት፣ ከልጅቷ ፊት ወደ እማ ፊት ስታመላልስ ቆየች። ከዚያ ቅቤዋን እያስተካከለች "ውነትሽን ነው" አለች።